ሰው እስኪሰበሰብ

የእማማ ወንድም መሞቱን ከእሳቸው በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ። ሰምቼም አራት ወር ሙሉ ደብቄያቸዋለሁ። ነገሩን ለሰው ሳወራ ሁሉም "በሽታው ነው፣ ክልከላው ነው፣ አንቺ ምን ታደርጊ ነበር?" እያለ ያጽናናኛል። እኔም ራሴን ለረጅም ጊዜ ያጽናናሁት በዚሁ ነው። አሁን ግን ማጽናኛው አለቀብኝ፤ እንደነበረው ልጻፈው።

እማማ የምላቸው እናቴ አይደሉም፣ ጎረቤቴ ናቸው። ጉለሌ ውስጥ፣ ከዊንጌት ገባ ብሎ ባለ ሰፈር፣ አንድ በርና አንድ የውኃ ቧንቧ የምንጋራ ሦስት ቤት ነን፤ የእማማ፣ የእኔ እና የአንዲት ጴንጤ ጎረቤታችን። እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ፤ ሰፈሩ በሙሉ "ቲቸር" ነው የሚለኝ። ባለቤቴ ልጃችን ገና ዳዴ ስትል ሞተብኝ። ያኔ አርባ ቀን ሙሉ ከአጠገቤ ፍራሽ ዘርግተው የተኙት እማማ ናቸው። ትምህርት ቤት ስውል ልጄን የሚይዙልኝም እሳቸው ስለነበሩ፣ ልጄ አፏን የፈታችው በአማርኛም በኦሮምኛም ነው።

እማማ ልጅ አልወለዱም። የነበራቸው አንድ ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ሲሞቱ እሱ ጡት ያልጣለ ሕፃን ነበር፤ እሳቸው ገና ልጃገረድ ሳሉ በጀርባቸው አዝለው አሳደጉት። ኋላ እሱ ራሱን ሲችል ሥራ ፍለጋ ከሱሉልታ ተነሥተው፣ እንጦጦን አቋርጠው፣ በቁስቋም በኩል በእግራቸው ወደ ከተማ ወረዱ። ወንድምየው እዚያው እርሻው ላይ ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ በግ እየነዳ ሸጎሌ ገበያ ይመጣል፤ ሲመለስ ያልተሸጡትን ይዞ እኛ ግቢ ይገባና ቧንቧው ሥር ያስራቸዋል። እኔ ስለ በጠጡ እነጫነጫለሁ። እሱ ደግሞ፣ "ቲቸር፣ እነዚህ ፈተና ወድቀው የተመለሱ ናቸው፤ አትቆጪያቸው" ይለኛል። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ፊቴን አጥቁሬ ብነሣበትም ሳቁን እወደው ነበር።

ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ በስልክ ይገናኛሉ። እማማ ቁጥር ስለማያነቡ ስልካቸውን ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ፤ እደውልላቸዋለሁ፤ በኦሮምኛ ያወራሉ። እኔ ግማሹን እሰማለሁ፤ ወሬው ስለ ላም፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ነው። ከአገር ቤት አስቸኳይ ነገር ሲኖር ግን የሚደወለው በእኔ ስልክ ነው።

በሽታው አገር ውስጥ ገባ ሲባል ትምህርት ቤት ወዲያው ተዘጋ። ስልሳ ልጅ ማዘዝ የለመደ ሰው ድንገት ቤት ተቀመጥ ሲባል ምን ያደርጋል? ግቢውን ማዘዝ ጀመርኩ። በሩ ላይ ቧንቧ ያለው ጄሪካን አስቀመጥኩ፣ ሳሙናውን በሲባጎ አንጠለጠልኩ፣ "ሳይታጠቡ መግባት ክልክል ነው" ብዬ በማርከር ጻፍኩ። ውኃ ስንቀዳ የምንቆምበትን ቦታ ደግሞ መሬቱ ላይ በኖራ አሰመርኩ። ለሦስት ቤት ሰልፍ! እማማ መስመሩን ዞረው ዞረው አዩና፣ "ቲቸር፣ ደወልም ስቀይልን እንጂ" አሉኝ።

ትንሣኤን ያከበርነው በቴሌቪዥን ነው። ቴሌቪዥኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩላቸውና እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ቄሱ በመስቀል ሲባርኩ እሳቸው ከበርጩማው እየተነሡ ይሰግዳሉ። ጴንጤዋ ጎረቤታችን በበኩሏ ከቤቷ ሆና በስልኳ መዝሙር ከፍታለች። "ዘንድሮ እግዜር ግቢያችን ድረስ መጣ" ብለው ሳቁ እማማ። ሐሰት አልናገርም፣ ያ ጊዜ ደስ የሚል ነገርም ነበረው። አንዱ ሱቅ ሲሄድ ለሦስቱም ቤት ገዝቶ ይመለሳል፤ አንዱ ካሳለው ሌላው ሾርባ በሩ ላይ አስቀምጦ፣ አንኳኩቶ ይሸሻል።

ስልኩ የተደወለው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ረቡዕ ጠዋት ነው። ለተማሪዎቼ በቴሌግራም የቤት ሥራ እየላክሁ ነበር። የወንድምየው ትልቁ ልጅ ነው የደወለው።

"ቲቸር፣ አባዬ አረፈ።"

"ምን ሆኖ?"

"ሆዴን አመመኝ ብሎ ሁለት ቀን ተኛ። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ አረፈ። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። አክስቴን በወጉ አርዱልን፤ መምጣት ከቻለች…" ብሎ ድምፁ ተቆረጠ።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። እማማ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ለወንድማቸው ለክረምት የሚሆን ጋቢ ነው። እንዝርቱን አሾሩትና ቀና ሲሉ አዩኝ፤ ፈገግ አሉ። እኔም ፈገግ አልኩ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ እኛ ዘንድ የሞት ወሬ ዝም ብሎ በስልክ አይነገርም። መርዶ ወግ አለው። ጠዋት በማለዳ፣ ሽማግሌ ከፊት ሆኖ፣ ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ በር ይንኳኳል። ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚደግፍ፣ ደረቱን ሲመታ እጁን የሚይዝ፣ አብሮት የሚያለቅስ ሰው መኖር አለበት። ለብቻው የተረዳ ሰው እንደተጣለ ይቆጠራል። ስለዚህ በቀጥታ የሄድኩት ወደ ዕድራችን ዳኛ ነው። ዳኛው ዕድሜ ልካቸውን መርዶ ሲነግሩ የኖሩ፣ አንደበታቸው የሚያምር ሽማግሌ ናቸው። በሽታውን ከመፍራታቸው የተነሣ ያነጋገሩኝ በራቸውን ሳይከፍቱ፣ በቀዳዳው በኩል ነው።

"ከአራት ሰው በላይ አትሰብሰቡ ተብሏል" አሉኝ። "በአራት ሰው መርዶ ይነገራል? ብትወድቅ ማን ያነሣታል? አቅፈን ልናስለቅሳት ነው ወይስ በሁለት እርምጃ ርቀት?"

"ቀብሩ እኮ ነገ ነው ጋሼ።"

"መንገዱ ተዘግቷል። ላትደርስ ነገር ብቻዋን ስትንፈራፈር ልናያት ነው? ግፋ ቢል ሁለት ሳምንት ነው። ሰው እስኪሰበሰብ እንቆይ፤ በወጉ እናረዳታለን።"

ስመለስ ጴንጤዋን ጎረቤታችንን ቧንቧው አጠገብ አገኘኋትና በሹክሹክታ ነገርኳት። ባልዲዋን አስቀመጠች።

"ዛሬውኑ ንገሪያቸው" አለችኝ። "እኔና አንቺ እንበቃለን።"

"ሁለት ሰው?"

"ሁለት ሰው፣ ሰው አይደለም እንዴ?"

እውነቷን ነበር። ግን እኔ ደንብ የምወድ ሴት ነኝ፤ ወጉም ክልከላውም በአንድ ላይ "ቆዪ" ሲሉኝ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ ነው ያለኝ። የእማማን ፊት ማየት ፈርቼ ነበር። በማግሥቱ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ወንድማቸው አፈር ሲለብስ እማማ ቧንቧው ሥር ጎመን ያጥቡ ነበር። ከኖራው መስመር ወዲህ ቆሜ አየኋቸው።

ሁለቱ ሳምንት አለቀ። ክልከላው አልተነሣም።

እማማ ስልካቸውን ይዘው መምጣታቸውን አላቆሙም። ያኔ ማንም ጋ ስትደውሉ ስልኩ ከመጥራቱ በፊት "እጅዎን ይታጠቡ፣ ርቀትዎን ይጠብቁ" የሚል የሴት ድምፅ ይቀድም ነበር። ድምፁን አስጮኼ አሰማቸዋለሁ፤ መልእክቱ ሳያልቅ ጣቴን ልኬ እዘጋዋለሁ። "ጠራ፣ ግን አልተነሣም፤ ኔትወርክ የለም" እላለሁ። አንድ ቀን ታዲያ ተናደዱ። "ይቺ ልጅ ምን አደረግኳት? ሁልጊዜ እሷ ናት የምታነሣው! ታጥቤያለሁ በያትና ወንድሜን ታገናኘኝ!" አሉ። ሳቅሁ። የሳቅሁት ከልቤ ነው፤ ቤቴ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ፊቴን በፎጣ አፍኜ አለቀስኩ።

ከዚያ የጋቢው ነገር መጣ። ፈትሉ ሲያልቅ እማማ ልቃቂቶቹን በፌስታል ሞልተው፣ "አንቺ ማስክሽን አድርገሽ ትወጫለሽ፤ ሽሮ ሜዳ ለሸማኔው አድርሽልኝ፤ ክረምት ሳይገባ ይድረስለት" አሉኝ። ወሰድኩት። ሸማኔው ትእዛዝ ጠፍቶበት ሥራ ፈትቶ ስላገኘሁት በደስታ ተቀበለኝ። "ለማን ነው? ቁመቱ ረጅም ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። "ረጅም ነው" አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ ለሞተ ሰው ጋቢ አስለካሁ።

እስካሁን ያለውን ሰው ይቅር ሊለኝ ይችላል። ቀጥሎ ያለውን ግን ለንስሐ አባቴ ስነግር እንኳ አንገቴን ደፍቼ ነው።

የልጄ ሰርግ ቀን ከበሽታው በፊት ነበር የተቆረጠው። አዳራሽ ተይዞ፣ ካርድ ታትሞ፣ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ነበር። አዳራሹ ሲዘጋ አንዴ አራዘምን። ሁለተኛ ላለማራዘም ከሙሽራው ቤተሰብ ጋር ተነጋግረን በግቢያችን፣ በጥቂት ሰው ይሁን ተባለ፤ ግንቦት ሲያልቅ፣ የሐዋርያት ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው የመጨረሻ እሑድ። ጾሙ ከገባ ሰርግ የለም፤ ከዚያ ክረምት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ደግሞ ያኔ ማን ያውቅ ነበር? በአንድ ግቢ ሐዘን ካለ እልልታ አይሰማም። እማማ ቢረዱ ሰርጉ ይቀራል፤ እኔ ራሴ ነበርኩ የማስቀረው። ስለዚህ ክልከላው የት እንደደረሰ መጠየቅ ተውኩ። ዳኛውም መጥተው አልጠየቁኝም።

ከሰርጉ በፊት ባለው ሳምንት የወንድምየው ልጅ ደወለ። "ነገራችኋት?" አለኝ። "ዘመድ ሁሉ አክስትህ ለምን ቀረች እያለ ነው። የፊታችን እሑድ አርባው ነው፤ ቢያንስ ለአርባው…"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አየሁ። ማየት አያስፈልገኝም ነበር፤ ያንን እሑድ በቀይ እስክርቢቶ የከበብኩት ራሴ ነኝ። የልጄ ሰርግና የሟቹ አርባ በአንድ ቀን ውለዋል። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለልጄም። ስለ ወንድምየው ሞት ጭራሽ የምታውቀው ነገር አልነበረም።

እሑድ ደረሰ። በጥቂት ሰው የተባለው ሰርግ ግቢውን ሞላው። መጀመሪያ ሁሉም በክርን ሰላምታ ሰጠ፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተቃቅፎ ይሳሳም ጀመር። ወንበሩ የዕድሩ ወንበር ነው። ዳኛው ራሳቸው ከዕድሩ ዕቃ ቤት አስወጥተው አበደሩንና፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ከፊት ተቀመጡ። ለመርዶ አምስተኛ ሰው ያጣው ሰፈር ለጮማ ሲሆን በአጥር ሊዘል ደረሰ።

እማማ ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ፀጉራቸውን ተሠርተው ለጋ ቅቤ ተቀብተዋል፤ ቅቤው በግንባራቸው ወርዶ ያብለጨልጫል። ሙሽሪትን ያሳደጉ እናት ናቸውና ቀድመው የመረቁት እሳቸው ናቸው። ልጄ ከቤት ስትወጣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እልል አሉ። ረጅም እልልታ ነበር፤ የመንገዱ ሰው ሁሉ ቆሞ ሰማ። ጴንጤዋ ጎረቤታችን አንድ ጊዜ ብቻ አየችኝ፤ ከዚያ ምግቧን ሳትነካ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች። እሷም አርባ መቁጠር አያቅታትም።

ምሳው ሲያልቅ እማማ ከድፎ ዳቦው ቆረሱና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

"ለማን ነው?" አልኳቸው፤ እያወቅሁ።

"ለወንድሜ ነዋ! ቢኖር ትልቁን ሙክት ይዞልሽ ይመጣ ነበር። መንገዱ ሲከፈት የሰርግ ዳቦ አልበላሁም ብሎ እንዳይቆጣኝ ነው።"

ዳቦው እስኪሻግት ድረስ መሶባቸው ውስጥ ቆየ።

ከዚያ በኋላ የመንገሪያ ቀን ጠፋብኝ። በሰርጉ ማግሥት ብነግራቸው ሰርጉን እንደጠበቅሁ ይታወቅብኛል። በሳምንቱ ብነግራቸው ያው ነው። ሰማንያውም አለፈ። ጋቢው ከሸማኔው መጣ፤ እማማ በእጃቸው ዳበሱት፣ ጉንጫቸው ላይ አደረጉት፣ መልሰው በላስቲክ ጠቅልለው አልጋቸው ራስጌ አስቀመጡት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል የማውቀው ተማሪ ለማስፈራራት ብቻ ነበር።

በመጨረሻ የተናገርነውም ሕሊና ገዝቶን አይደለም። ነሐሴ ላይ መንገዱ ተከፍቶ የወንድምየው ልጅ፣ "ቅዳሜ ሸጎሌ ገበያ እመጣለሁ፤ አክስቴ ቤት እገባለሁ" ብሎ ስለደወለ ነው። ልንጋለጥ ሆነ። ዳኛው ሰው ይሰበሰብ አሉ፤ ሐሙስ ጠዋት ተቀጠረ። ያን ጠዋት ዶፍ ይዘንባል። አንዱ በሽታውን ፈርቶ፣ ሌላው በዝናቡ ቀረ። እማማ በር ላይ የቆምነው ዳኛው፣ እኔ፣ ልጄ፣ ጴንጤዋ ጎረቤታችንና አንድ የዕድር አባል ነበርን። አምስት ሰው። ለልጄ ከዋዜማው ማታ "የእማማ ወንድም ሞቷል" ብዬ ብቻ ነበር የነገርኳት። አራት ወር የጠበቅነው ጉባኤ ይኸው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

እማማ በሩን ከፍተው አዩን። ማስክ፣ ጃንጥላ፣ የሽማግሌ ከዘራ። ወዲያው ገባቸው።

"ማነው?" አሉ። ከዚያ ማንም ሳይመልስ፣ "እሱ አይደለም በሉኝ!"

ዳኛው ያ የሚያምር አንደበታቸው ተሳሰረ። "እግዜር ያጽናሽ" ብቻ ነው ያሉት። እማማ ደፉ ላይ ወደቁ። ሮጣ ያቀፈቻቸው ጴንጤዋ ናት፤ ማስኳ ወልቆ ጭቃው ውስጥ ወደቀ። እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር፤ ራሴ እንዳስተማርኩት። እማማ ሙሾውን በኦሮምኛ አወረዱት። ከገባኝ አንዱ "የጀርባዬ ልጅ፣ የጀርባዬ ልጅ" የሚለው ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ እንባቸው ሲደክም፣ ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ።

"መቼ ነው?"

"ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ረቡዕ" አልኩ። ወደ መሬት እያየሁ ነው የመለስኩት።

ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ በጣቶቻቸው አንጓ ይቆጥራሉ። መቁጠራቸውን ሳይ ተነሥቼ ልውጣ ብዬ አሰብኩ። ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ቀስ ብለው እጃቸውን አንሥተው ፀጉራቸውን ነኩ።

"በአርባው ቅቤ ተቀብቻለሁ" አሉ። ለእኔ አልነበረም፤ ለግድግዳው ነበር። "በአርባው እልል ብያለሁ።"

ልጄ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። "እማዬ፣ ታውቂ ነበር?" አለችኝ። ወደ እማማ ዞርኩ። "መንገዱ ተዘግቶ ነበር፣ ቀብሩን አይደርሱበትም ብለን ነው" አልኳቸው።

እማማ ዓይኔን አዩት። "ከዚያ ተራራ የወረድኩት በመኪና ነው እንዴ?" አሉኝ። "በእግሬ እወጣው ነበር።"

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም። ቢረግሙኝ፣ ቢያስረግሙኝ በተሻለኝ። የንስሐ አባቴን ይዤ ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ "ይቅር ብያለሁ ልጄ፣ እግዜርም ይቅር ይበልሽ" አሉኝ፤ እጃቸውንም ሰጡኝ። ጋቢውን ላስቲኩን ቀደው አወጡትና ራሳቸው ለበሱት። ጠዋት ጠዋት ሰላም ይሉኛል፣ ስታመም ይጠይቁኛል፣ የልጄን ልጅ ያጫውታሉ። ስልካቸው ግን ወደ እጄ አልተመለሰም። ለወንድማቸው ልጅ ሊደውሉ ሲፈልጉ በእኔ በር አልፈው ጴንጤዋ ቤት ይገባሉ። በየቀኑ ሲያልፉ አያቸዋለሁ። የኖራውን መስመር ዝናብ አጠበው፣ ጄሪካኑን ለሰው ሰጠሁት፤ እሳቸው ግን በእኔ በኩል ሲደርሱ አሁንም ትንሽ ራቅ ብለው የሚያልፉ ይመስለኛል። ምናልባት ለእኔ ብቻ ነው የሚመስለኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የፈተና ወረቀት እያረምኩ በሬ ተንኳኳ። እማማ ናቸው። ያንን ጋቢ ለብሰዋል፣ በትራቸውን ይዘዋል፣ ከኋላቸው ማንም የለም። ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል ብቻቸውን ቤቴ ከገቡ። ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ስልካቸውን ይዘው የመጡ መሰለኝ። እጃቸውን አየሁ፣ ስልክ አልያዙም።

አጠገቤ ተቀመጡ። ቀዩን እስክርቢቶ ከጣቶቼ መሐል አወጡና ወረቀቱ ላይ አስቀመጡት። እጄን ያዙ።

"ልጅሽ ተደውሎላት ለእኔ ነግራኛለች" አሉ። "ሽማግሌዎቹ ነገ ጠዋት ሰው ይዘው ይመጣሉ። ቀብሩ ቢያልፋት ለሳልስቱ ትደርሳለች እያሉ ነው። እኔ እምቢ ብዬ መጣሁ። ብቻዬን ነኝ።"

ጅማ ያለችው እህቴ ናት። ትልቋ እህቴ፣ የእናቴ ልጅ የምላት እሷ ብቻ ነበረች። እማማ ስሟን ጠርተው፣ ሳያሽሞነሙኑ ነገሩኝ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ወንበሩን ገፍቼ መውደቄን፣ ወረቀቶቹ መበተናቸውን፣ እኚያ ቀጭን አሮጊት ያለ ማንም እርዳታ እንዴት አድርገው እንደያዙኝ ነው የማስታውሰው። ጩኸቴን አላስቆሙኝም። ደረቴን ልመታ ስል ሁለቱንም እጆቼን በአንድ እጃቸው ያዙ፤ ጋቢውን ከራሳቸው ላይ ገፈው ትከሻዬ ላይ አደረጉት። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ቢሰበሰብ ከዚያ የበለጠ የሚያደርግልኝ ነገር አልነበረም።

ትንሽ ስሰክን አፋቸውን ጆሮዬ አጠገብ አደረጉ።

"ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው" አሉኝ። "ተነሺ ልጄ። አሁን ብትነሺ ትደርሻለሽ።"